የቡኖ በር መናፍስት አስተርጓሚ

ዲላ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ሞልቶ ነበር፤ አስተርጓሚ ያለው ግን የኸድሩ ብቻ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ውስጧ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከፊት ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደግሞ ኸድሩ ማይክሮፎኑን ጨብጦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የህንድ ፊልም ላይ እናት ስታለቅስ ኸድሩ ያለቅሳል። ቻይናዎቹ ሲደባደቡ ኸድሩ ያቃስታል። ለሴት ድምፁን ያቀጥናል፣ ለሽማግሌ ያጎረናል፣ ለወንበዴ ደግሞ በአፍንጫው ይናገራል። ወንበዴ ለምን በአፍንጫው እንደሚናገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም።

እንግሊዝኛው የሞያሌ እንግሊዝኛ ነው። ጎረምሳ ሳለ ድንበሩ ላይ ጭነት ሲያወርድ ከኬንያ ሹፌሮች የለቀመው ነው፤ ለጠብና ለፍቅር ፊልም በደንብ ይበቃል። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ከራሱ ይሞላል፤ ይህንንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። "ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲያንሰው ይቀጥላል እንጂ ሰውን ራቁቱን አይሰድም" ይል ነበር። ሥራውን የጀመረው በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመናኸሪያ ሰፈር ልጅ የዓለምን ነገር ያወቀው በኸድሩ አፍ ነው። ዛሬ እነዚያ ልጆች ጎልማሳ ሆነው ያንኑ ፊልም በስልካቸው ሲያዩት "ኧረ ይሄ እንደዚህ አልነበረም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልነበረም። የኸድሩ ይሻል ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ዲሽ አስገባ። ከዲሹ ጋር ነው እንግዲህ ያ ነገር የመጣው። ጥቁር የለበሱ ፈረንጆች ሰው ጥሎት የሄደ ከተማ ውስጥ እየገቡ የሙታን መንፈስ የሚያስሱበት ፕሮግራም። እጃቸው ላይ ጢጥ ጢጥ የሚል ዕቃ አለ፤ ካሜራቸው ሁሉን ነገር አረንጓዴ ያደርገዋል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያተኛው ሸቀጡን ሸጦ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት ነበር የሚመጣው።

ችግሩ ፈረንጆቹ በሹክሹክታ ማውራታቸው ነው። የኬንያ ሹፌር መቼ በሹክሹክታ አውርቶ ያውቃል? ኸድሩ አንዲት ቃል አልያዘም።

"ኸድሩ! ሴትዮው ምን አለ?" ብሎ ጮኸ በራሶ። በራሶ አማርኛው ሴትና ወንድ የማይለይ፣ የጪጩ መንደር አናጢ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ከፊት ወንበር ላይ የማይጠፋ ደንበኛ።

ኸድሩ ስክሪኑን አየ። ሰው የሌለበት መንገድ፣ ወለል ብለው የተከፈቱ በሮች፣ አንድ ዝገት የበላው በርሜል። አገሩን አያውቀውም፤ ባዶነቱን ግን በደንብ አድርጎ ያውቀዋል።

"ይሄ ከተማ ድሮ ገበያ ነበረው ይላሉ" አለ በማይክሮፎኑ። "ሰፊ ገበያ። ጨው የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ሚዛኑን ከፍ አድርጎ የሚመርቅ።"

ያ ሰውዬ አባቱ ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ ቡኖ በር ላይ ጨውና ላምባ ይሸጥ ነበር። ቡኖ በር ከጨለለቅቱ አለፍ ብላ፣ በድሮው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ትንሽ ከተማ ነበረች። ኸድሩ የተወለደው እዚያ ነው፤ ጥርሱን የነቀለውም፣ የተገረዘውም፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን ከሩቅ አይቶ የተመለሰውም እዚያው ነው። በደርግ ጊዜ መንገዱ ወደ ላይኛው ጋራ ዞረ። ገበያው መንገዱን ተከተለ፣ ሱቁ ገበያውን ተከተለ። የሄደ ሁሉ የጣራውን ቆርቆሮ ነቅሎ ሄደ፤ ግድግዳው ቀረ። በጌዴኦ ምድር ባዶ መሬት የሚባል ነገር የለም፤ ቡናውም እንሰቱም ዛሬ ድረስ ባለቤት አለው፣ ይለቀማል፣ ይኮተኮታል። ባዶ የቀረው መንደሩ ብቻ ነው።

ያን ቀን የኸድሩ ምላስ ተፈታ። ፈረንጁ በር ሲከፍት ኸድሩ የጠጅ ቤቱን ከፈተ። ፈረንጇ ደረጃ ስትወጣ ኸድሩ ወደ ወፍጮ ቤቱ አስገባት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ቤት፣ በሌላው ቅዳሜ ሌላ። ሰዉ የከተማዋን ስም ሲጠይቀው ሳያስበው "ቡኖ በር" አለ፤ ከአፍ የወጣ ከአፋፍ ነው፣ መመለሻ የለውም። ደግሞ ያ አረንጓዴ ካሜራ ጉድ ሠራ። በረሃውም ጫካውም አንድ ዓይነት ስለሚመስል፣ እነዚያ የሣንቃ ቤቶች የጌዴኦ ቤት ለመምሰል ብዙ አልተቸገሩም።

ኸድሩ ማንንም ሊያስፈራራ አልፈለገም። ናፍቆት ነው። ቤት ውስጥ ስለ ቡኖ በር ሲያወራ ሚስቱ ሱራያ "እሱን ነገርከኝ" ትለዋለች፣ ልጆቹ ተነስተው ይሄዳሉ። ማይክሮፎን ይዞ፣ በፈረንጅ ስም ሲያወራው ግን ቤቱ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጠዋል። ይህን ጣዕም ማን ይተዋል?

ያላመነች ሰው ብትኖር በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ማሚቱ ናት። ማሚቱ አንገቷን ብቻ ወደ ውስጥ አስግጋ ነው የምታየው፤ መግቢያ ከፍላ አታውቅም።

"ሁለቱ ፈረንጆች ብቻቸውን ናቸው አላልክም?" አለች አንድ ቀን።

"ብቻቸውን ናቸው።"

"ታዲያ የሚቀርጻቸው ማነው? ጂኑ ነው?"

"ካሜራው በራሱ ይቀርጻል፣ ማሚቱ።"

"በራሱም ይሮጣል?" ሰዉ ሳቀ። ማሚቱ ግን አልጨረሰችም። "ሌላም ልንገርህ። በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጡት ከመንኳኳቱ በፊት ነው። ልብ ብለህ እይ።"

በራሶ ተናደደ። "ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ለውሸት ይሮጣል? ሥራ የለውም?" አለ። የብዙው ሰው ሐሳብም ይኸው ነበር። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ዲላ ግን ያን ሰሞን ወሬ ላይ ወሬ ነበር የሚጨምረው።

እትዬ መሰለች የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የቡኖ በሩ ወፍጮ ቤት ጌታ የአቶ ደበበ ሚስት ናት። አቶ ደበበ ቅንድቡ ከዓመት ዓመት በዱቄት የነጣ፣ ሕፃን ሲያይ ትኩስ ዱቄት በመዳፉ ላይ የሚያፈስለት ደግ ሰው ነበር፤ ከተማዋ ሳትፈታ በፊት ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እሷ ከልጇ ከገሪማ ጋር ወደ ዲላ መጣች። እርጅና ቢጫናትም ወገቧ አልጎበጠም። አንድ ሰው "ባልሽ በቴሌቪዥን ታየ" ብሏት ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ ወጣቶቹ ተነስተው ከፊት አስቀመጧት።

ትንሽ አየችና "ኸድሩዬ" አለች፣ "ደበበ ደህና ነው ወይ በልልኝ።"

ኸድሩ ወደ ፈረንጆቹ ምን ብሎ ይናገራል? ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ የሆነ ነገር እስኪያጉረመርም ጠበቀና፣ "ደህና ነው ይላሉ፣ እትዬ። ወፍጮው ጋ ነው" አለ።

ፊቷ በራ። "ያ ሰው መቼም ወፍጮውን አይለቅም" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ኸድሩም በየሳምንቱ ከአቶ ደበበ ዘንድ ሰላምታ አመጣላት፤ የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሶ ጠገነው፣ ጉንፋን ይዞት ተሻለው። ማታ ቤቱ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ያፍራል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ያቺን ፊት ጨለማ ማድረግ አይሆንለትም።

በሦስተኛው ዓመት ግድም ከወደ ጨለለቅቱ ደስ የሚል ወሬ መጣ። ቡኖ በር አጠገብ የቡና ማጠቢያ ሊቆም ነው፤ ለቃሚው፣ አጣቢው፣ ባለ ሞተሩ ሁሉ በዚያ በኩል ሊመላለስ ነው። የድሮ ነዋሪ ቤቱን ማደስ ይችላል ተባለ። እትዬ መሰለች እንደ ሙሽራ ተጣደፈች። ከልጇ ግቢ አንድ ጥግ ተቀምጦ መጦር መሯት ነበር የኖረችው፤ በራሷ ቤት፣ በራሷ በር ላይ ዳቦና ሻይ ሸጣ፣ ወጪ ወራጁን ሰላም እያለች መሞት ትፈልጋለች። ሌላ ምኞት የላትም።

ገሪማ ከበራሶ ጋር ለጣራው ሥራ ተዋዋለ። በራሶ ግን ውሉን አፈረሰ። "እዚያ ቤት ሰው አለው" አለ። ሌላ አናጢ ተጠራ፣ እሱም እንቢ አለ። ወሬው ጪጩም ጨለለቅቱም ወርቃም ደርሶ ነበር፤ ቡኖ በር የፈረንጅ ቴሌቪዥን ሳይቀር የመሰከረባት የሙታን ከተማ ናት። በመጨረሻ ገሪማ ራሱ ፈራ። "እናቴን ሙት የሰፈረበት ቤት አልሰድም፤ አባቴም ቢሆን ሙት ሙት ነው" አለ።

ይህን ለኸድሩ የነገረችው ሱራያ ናት። "የተወለድክበትን አገር በአፍህ ቀበርከው" አለችው። እንደ እሷ ያለ መራራ ተናጋሪ የለም፤ ግን ልክ ነበረች። ኸድሩ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከዓለም ሁሉ አብልጦ የሚወዳት ከተማ ሰው ልታገኝ ስትል፣ በሩን የዘጋባት ራሱ ነው። ዋነኛዋ ተጎጂ ደግሞ በየቅዳሜው እጁን የምትስመው አሮጊት።

ቅዳሜ ፕሮግራሙ ሳይጀመር ተነስቶ ቆመ። "ስሙኝ" አለ። "ፈረንጆቹ ቡኖ በር ሄደው አያውቁም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የሚሉት አይገባኝም።"

ከዚያ በራሶ ቀስ ብሎ፣ "አስፈራሩህ?" አለው።

"ማን?"

"እነሱ ናቸዋ!" አለ በራሶ፣ በአገጩ ወደ ስክሪኑ እያመለከተ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ምስኪን ኸድሩ፣ ምስጢራቸውን ስላወጣ አፉን ሊይዙት ነው። እትዬ መሰለች ክንዱን ያዘችው። "አይዞህ ልጄ፣ ደበበ ሰው አይነካም፤ ሌሎቹ ቢያስቸግሩህ እኔ ነግሬው ያስታግሣቸዋል።" ይህን ያህል ዓመት ሲዋሽ ሁሉም አመነው፤ አንድ ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው አንድ ሰው ጠፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት እንዲህ ያለውን ተመልካች ሳያዩ ነው።

እንግዲያው በዓይናቸው ይዩ ብሎ በሳምንቱ ገሪማንና በራሶን ይዞ ወጣ። በራሶ የመጣው በስንት ልመና፣ ያውም ፀሐይ አናት ላይ እያለች ተመልሶ ሊሄድ ነው። ጨለለቅቱ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በድሮው መንገድ በእግር። የለቀማ ወቅት ነበር፤ ሴቶች ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ከቡናው ሥር እየተጠራሩ ይስቃሉ። ቡኖ በር ሲደርሱ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ሣር የወጣበት ግድግዳ፣ የወፍጮ ቤቱ የሲሚንቶ መደብ፣ አንዲት ፍየል። በራሶ እንኳን ትንሽ ደረቱን ነፋ አድርጎ ግድግዳ በመዳፉ መምታት፣ ምሰሶ መነቅነቅ ጀመረ።

"አያችሁ?" አለ ኸድሩ። "ማንም የለም!"

እንዲህ እያለ ነው የአባቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ የደረሰው። ደፉ ድንጋይ ነው፤ መሐሉ በሰው እግር ብዛት ጎድጉዷል። ኸድሩ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ገባና፣ ሳያስበው፣ እናቱ በልጅነቱ እንዳስተማረችው፣ ጮክ ብሎ፣ "አሰላሙ ዐለይና ወዐላ ዒባዲላሂ ሷሊሒን!" አለ። ሙስሊም ባዶ ቤት ሲገባ የሚለው ሰላምታ ነው።

ከኋላው አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። የበራሶ መጋዝ ነው። በራሶ ራሱ ቡናው መሐል ገብቶ ነበር፤ ለቃሚዎቹ ሲስቁበት ይሰማል።

"ሰላምታ እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ ኸድሩ። "ሃይማኖቱ ነው! ሰው በሌለበት ቤት እንደዚህ ይባላል!"

ገሪማ ደፉን ሳይረግጥ ቆሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ጋሽ ኸድሩ" አለው፣ "ሰው ከሌለ ለማን ነው ሰላም ያልከው?"

መጽሐፉ ውስጥ መልሱ አለ፣ ዐዋቂ ቢጠየቅ በደንብ ያስረዳዋል፤ እሱ ግን በዚያች ሰዓት ለማን እንዳለ ያውቃል። ሚዛን ከፍ አድርጎ ለሚመርቀው ሰው ነው። ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ገሪማም ይህንን ለእናቱ ሳይነግራት አልቀረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ የበራሶ ሩጫ ወሬ ሆኖ ከጪጩ ድረስ ሰው ጠርቷል። በራሶ ራሱም አለ፣ ዛሬ ግን ለበሩ ቀረብ ብሎ። ገሪማ እናቱን ይዞ መጥቷል። ኸድሩ ምን እንደሚል አልወሰነም ነበር።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ፈረንጆችና አንዲት ሴት ጣራው የወደቀ ትልቅ ቤት ውስጥ ገቡ። ዕቃው ጢጥ ጢጥ አለ። አንድ ሣንቃ ወደቀ፤ ሴትዮዋ ጮኸች፤ ሁሉም እግሬ አውጪኝ አሉ። ኸድሩ ማይክሮፎኑን አፉ ላይ አስጠጋና፣ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ በደረቁ፣ "ቤቱን አየነው፣ ምንም የለም ይላሉ" አለ።

"ምንም ከሌለ ለምን ይሮጣል?" አለ በራሶ።

"ምሳ ደርሶባቸው ነው።"

አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። "ሴትዮውስ ለምን ጮኸ?" አለ በራሶ ደግሞ።

"እግሯን ረግጠዋት።"

"ያ የማይታየው ካሜራ ያዥ ነው የረገጣት!" አለች ማሚቱ ከበሩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስክሪኑ ላይ ፈረንጁ ዓይኑን አፍጦ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጣቱን ወደ ጨለማ ይቀስራል፤ ኸድሩ "ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው ወይ ይላል" ይላል። ሰው እያነባ ሳቀ። በራሶ ሆዱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተጠቀለለ፤ "ምሳ!" ይላል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ከዚህ በኋላ ማን ቡኖ በርን ይፈራል? እውነቱን ቢናገር ያልተሰማው ሰውዬ፣ በሳቅ ሦስት ዓመት የከመረውን ፍርሃት ጠራርጎ አወጣው። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው።

እትዬ መሰለች ግን አልሳቀችም።

"ኸድሩ" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ሰዉ ግን ሳቁን ገታ። "ደበበስ?"

ኸድሩ ስክሪኑን አየ። ፈረንጆቹ ያወራሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃው ነበር። ደህና ነው ይላሉ፣ ሰላም ብሎሻል ይላሉ። ገሪማ እያየው ነው፣ በራሶ እያየው ነው። ማይክሮፎኑን አጥፍቶ መሬት አስቀመጠው። ከበርጩማው ወርዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

"የለም፣ እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቀበርነው ጀምሮ።"

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። እጇን ዘርግታ ራሱን ዳበሰችው፣ ያኔ በልጅነቱ ከወፍጮው ደጃፍ ቆሞ ሳለ ታደርገው እንደነበረው።

"ቤቱ ውስጥ ማንም የለማ?"

"ማንም የለም።"

"ወይ ጉድ!" አለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ፣ የገሪማን ትከሻ ተደግፋ ተነሳች። "እኔ ደበበ አለ ብዬ ትቼው፣ ቤቱ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳይጠረግ ነዋ የከረመው።"